ፍሎፒ ዲስክ ሳይነበብ አይጻፍበትም

ሰላም ወገኖች፣ የአሮጌ ኮምፒውተር ጥናቴ ፍሎፒ ዲስክ (ድሮ ፋይል የሚቀመጥበት ማግኔታዊ ዲስክ) ላይ ደርሷል። ባዶ ካሴት ተገዝቶ ወዲያው ይቀዳበታል፤ ፍሎፒ ግን ፎርማት ካልተደረገ፣ ማለትም አስቀድሞ ለመጻፍ ካልተዘጋጀ፣ ለምን እምቢ ይላል? ይህ ጥያቄ ሲከነክነኝ ቆይቷል።

መልሱ ያለው አጻጻፉ ላይ ነው። «ትራክ 20፣ ሴክተር 7 ላይ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ (ትራክ ዲስኩ ላይ ያለ ክብ መስመር፣ ሴክተር የዚያ መስመር ቁራጭ ነው) ድራይቩ፣ ማለትም ዲስኩ የሚገባበት መሣሪያ፣ መጀመሪያ ያነባል! ከእያንዳንዱ ሴክተር በፊት የትራኩ፣ የጎኑና የሴክተሩ ቁጥር ተጽፏል። የሚፈለገው ቁጥር በድራይቩ የማንበቢያና የመጻፊያ ራስ ስር ሲያልፍ ብቻ ወደ መጻፍ ይዞራል። ባዶ ዲስክ ላይ ቁጥሩ ስለሌለ ዲስኩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ በመጨረሻ «ሴክተሩ አልተገኘም» ይባላል።

እነዚህን ቁጥሮች የሚያሰፍረው ፎርማት ነው። የ1.44 ሜጋባይቱን ዲስክ እንውሰድ። በደቂቃ 300 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 500,000 ቢት ስለሚጻፍበት አንድ ዙር 12,500 ባይት ይይዛል። እያንዳንዳቸው 512 ባይት የሆኑ 18 ሴክተሮች ግን 9,216 ብቻ ናቸው። ቀሪው ለቁጥሮቹ፣ ለስህተት መፈተሻና ለክፍተት ይውላል። በጣም የወደድኩት ክፍተቱን ነው፦ የሁለት ድራይቮች ሞተር ፍጥነት ትንሽ ስለሚለያይ አዲስ የተጻፈ ሴክተር ሊረዝም ይችላል፤ ክፍተት ባይኖር የጎረቤቱን ቁጥር ይደመስሳል። በ160 ትራክ ስናባዛው ፎርማት ያልተደረገው 2 ሜጋባይት ለምን ወደ 1,474,560 ባይት እንደሚወርድ ግልጽ ይሆናል።

ከዚህ በላይ ደግሞ የፋይል ሲስተሙ፣ ማለትም የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘግበው ሥርዓት፣ አለ። ዶስ (የድሮው የፒሲ ስርዓተ ክወና) ለማስነሻው፣ ለሁለቱ የፋት (የፋይል ቦታ ሰንጠረዥ) ቅጂዎችና ለዋናው ማውጫ 33 ሴክተር ይወስዳል፤ 1,457,664 ባይት ይተርፋል። ፈጣን ፎርማት የሚነካው ይህን ብቻ ነው። ለማረጋገጥ፣ የሴክተሮቹ ቁጥሮች እንዲጠፉ የስፒከር ማግኔት አንድ ዲስክ ላይ ደጋግሜ አሸሁበት። ፈጣኑ ፎርማት አልሠራም። ሊኑክስ (ሌላ ስርዓተ ክወና) ላይ ኤፍዲፎርማት የተባለው ፕሮግራም ትራኮቹን አንድ በአንድ እንደ አዲስ ከጻፈ በኋላ ግን፣ የፋይል ሲስተም ጨምሬበት ፋይል ተቀበለኝ። ሁለቱን ሥራ ለየብቻ ማየት ለፈለገ ሊኑክስን እመክራለሁ።

ቀጥዬ የማየው አሚጋ የተባለውን የድሮ ኮምፒውተር ነው። ፒሲ 720 ኪሎባይት በሚያሰፍርበት ዲስክ ላይ አሚጋ 880 ያሰፍራል፤ ትራኩን ሁልጊዜ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ስለሚጽፍ በሴክተሮች መካከል ክፍተት አያስፈልገውም።