ሔኖክና ይሁዳ ጎን ለጎን

ነገሩ የተጀመረው ቢሮአችን አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አብሮኝ የሚሠራ ፕሮቴስታንት ጓደኛ አለኝ። ሻይ ላይ ከተገናኘን ሳንከራከር አንነሣም። አንድ ቀን "የእናንተ መጽሐፍ ቅዱስ 81 መጽሐፍ፣ የእኛ 66። ለመሆኑ መጽሐፈ ሔኖክን ማን አስገባው?" አለኝ። እኔም ፈጠን ብዬ "ይሁዳ ጠቅሶታል እኮ! የይሁዳ መልእክት ደግሞ አንተም ጋ አለ" አልኩት። ስልኬን አውጥቼ ቁጥር 14ን አሳየሁት። አነበበው። "እሺ፣ ሔኖክ ላይስ የት ጋ ነው ያለው?" ሲለኝ ዝም አልኩ። ሔኖክን አንብቤው አላውቅም ነበር።

እስከዚያ ቀን ስለ ሔኖክ የማውቀው ሁሉ ከዩቲዩብ የለቃቀምኩት ነበር። ይባስ ብሎ "ሔኖክን በ325 ዓ.ም. የኒቅያ ጉባኤ ከመጽሐፍ ቅዱስ አውጥቶ ጣለው" የሚል ነገር ቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፌ ነበር። በኋላ ሳጣራ 318ቱ ሊቃውንት የተሰበሰቡት ክርስቶስን ፍጡር ነው ባለው በአርዮስ ጉዳይ ነው፤ የፋሲካንም ቀን ተነጋግረዋል። ካወጧቸው 20 ቀኖናዎች ውስጥ ግን የመጻሕፍት ዝርዝር የሚባል የለም። አፍሬ አጠፋሁት። አጎቴ ግን ቀድሞ ለሦስት ግሩፕ አስተላልፎታል።

ከሻይ ቤቱ ክርክር በኋላ ግእዝና አማርኛ አንድ ላይ የታተመበትን መጽሐፈ ሔኖክ ገዛሁ። 108 ምዕራፍ ነው። እንደ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ልጨርሰው ነበር ሐሳቤ። የመላእክቱን ታሪክ በሁለት ማታ ጨረስኩ። ምዕራፍ 72 ላይ ስደርስ ፀሐይ በምሥራቅ ከስድስት በሮች ወጥታ በምዕራብ በስድስት በሮች የምትገባበት ስሌት መጣ፤ እዚያው ቀረሁ። መጽሐፉ ሁለት ወር አቧራ ጠጣ።

መላ ያገኘሁት ከሥራዬ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሁለት መዝገብ ማስታረቅ የዕለት እንጀራዬ ነው። ለምን እንደዚያ አላደርገውም አልኩ። አንድ ትልቅ ደብተር ገዝቼ ገጹን ለሁለት ከፈልኩት። በግራ ሔኖክ፣ በቀኝ አዲስ ኪዳን። ከዳር እስከ ዳር ማንበቡን ተውኩትና ከአዲስ ኪዳን ተነሥቼ ወደ ኋላ መሄድ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው መስመር የጓደኛዬ ጥያቄ ነበር። መልሱ ገና ምዕራፍ 1 ቁጥር 9 ላይ ተቀምጧል። ግእዙ "ወናሁ መጽአ በትእልፊት ቅዱሳን" ይላል። ይሁዳ በአማርኛው "እነሆ፥ ጌታ" ብሎ ይጀምርና "ከአእላፋት ቅዱሳኑ ጋር መጥቶአል" ይላል። ደስ አለኝ። ሒሳቡ ታረቀ ብዬ ደብተሩን ይዤ ሰፈራችን ወዳሉት የኔታ ሄድኩ። ልጅ ሆኜ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው።

"የኔታ፣ ቃል በቃል አንድ ነው አይደል?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሁለቱንም አዩት። "አንድ ነው ትላለህ? እስቲ ማን ነው የመጣው?"

ግእዙን ደግሜ አየሁት። "መጽአ" ብቻ ነው። መጣ። "ጌታ" የሚል የለም። ማን እንደመጣ ለማወቅ ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ቁጥር 3 እና 4 ላይ ከማደሪያው ወጥቶ ደብረ ሲናን የሚረግጠው "አምላከ ዓለም" ነው። ለሙሴ ሕግ በሰጠበት ተራራ ላይ ለፍርድ የሚወርደው የእስራኤል አምላክ ማለት ነው። ይሁዳ አንድ ቃል ጨመረ፣ "ጌታ"። በዚያች 25 ቁጥር ብቻ ባላት መልእክቱ ደግሞ "ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ" እያለ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የእሱ አንባቢ "ጌታ መጥቶአል" ሲባል ማንን እንደሚሰማ ግልጽ ነው። በሲና የሚጠበቀው የአምላክ መምጣት የክርስቶስ ዳግም ምጽአት ሆነ። አንድ ቃል ነው ይህን ሁሉ የሠራው።

ቤት ስገባ በደብተሩ ላይ ሦስተኛ ዓምድ አሰመርኩ። "ልዩነት" ብዬ ጻፍኩበት። የቀረው ዓመት ሁሉ ያለቀው በዚያ ዓምድ ላይ ነው።

ያችው ቁጥር ሌላም ነገር ነበራት። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግብፅ ውስጥ አክሚም ላይ ከመቃብር የወጣ የግሪክ ቅጂ አለ። እዚያ ላይ "ይመጣልና" ነው የሚለው። የእኛ ግእዝ ደግሞ ልክ እንደ ይሁዳ "እነሆ መጣ" ይላል። ግእዙ የጥንቱን ንባብ ጠብቆ ይሆናል። ወይም ተርጓሚው ይሁዳን በቃሉ ስለሚያውቅ እጁ ወደዚያ አዘንብሎ ይሆናል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ የኔታ ግን በዚህ አልተስማሙም።

አማርኛ ማወቄ ያሳሳተኝ ቦታም አለ። በሔኖክ የወረዱት መላእክት "ትጉሃን" ይባላሉ። እኔ እንደ "ትጉህ ሠራተኛ" ነበር የወሰድኩት። ምን ዓይነት ትጋት ነው እያልኩ ስገረም የኔታ ሳቁ። "የማያንቀላፉ ማለት ነው ልጄ። ተግሀ፣ ነቃ።" ያኔ ነው ዳንኤል ምዕራፍ 4 ላይ ከሰማይ የሚወርደው "ጠባቂ" የገባኝ። በአራማይኩ የዚያ ቃል ፍቺም የነቃ ማለት ነው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ምዕራፍ 10 ነው። 200ው መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ወርደው ሴቶች አግብተዋል። ከእነሱ አንዱ አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ጌጥን፣ ኩል መኳልን ሳይቀር ለሰው አስተምሯል። ከዚያ እግዚአብሔር መልአኩን ሩፋኤልን "አዛዝኤልን እጁንና እግሩን አስረህ ወደ ጨለማ ጣለው" ይለዋል። ይህን የት ነው የሰማሁት እያልኩ ሁለት ቀን ተብሰለሰልኩ። ለካ ማቴዎስ 22 ነው። የሰርግ ልብስ ሳይለብስ የገባው ሰው! "እጁንና እግሩን አስራችሁ በውጭ ወዳለው ጨለማ አውጡት።" ያ ምስኪን እንግዳ የወደቀ መልአክ ቅጣት እንደተቀጣ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። ይሁዳ ቁጥር 6 እና 2ኛ ጴጥሮስ 2፥4 ላይ የታሰሩት መላእክትም ከዚሁ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ ልምጣ። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል የሰው ልጅ በክብሩ ዙፋን ተቀምጦ ሲፈርድ ያሳያል። ማቴዎስ 25፥31ም ያንኑ ይላል። ደብተሬን እየሞላሁ "ማቴዎስ ከሔኖክ ወሰደ" ብዬ በቀይ ቀስት አሰመርኩ። ለጓደኛዬም እንደ ድል አድራጊ ነገርኩት።

ከሳምንታት በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ ጥንታዊ ብራናዎች ስለተገኙበት ስለ ቁምራን ሳነብ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ የወረደብኝ ነገር መጣ። በ1952 እ.ኤ.አ. ከተገኘው አራተኛው ዋሻ የ11 የአራማይክ ሔኖክ ቅጂዎች ቁርጥራጭ ወጥቷል። ከእነዚያ ውስጥ አንድም ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለ ቃል የለም። ሌላው ክፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደተጻፈ ብራናው ራሱ ይመሰክራል። ይሄኛው ክፍል ግን ምስክር የለውም። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች በክርስቶስ ልደት አካባቢ እንደተጻፈ ይገምታሉ፤ እንዲያ ከሆነ ሁለቱም ከአንድ ዘመን ወሬ ቀድተው ሊሆን ይችላል። የእኛ ግእዝ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። "የሰው ልጅ" ለማለት አንዴ "ወልደ ሰብእ"፣ አንዴ "ወልደ ብእሲ"፣ አንዴ "ወልደ እጓለ እመሕያው" ይላል። ይህ የመጨረሻው ራሱ የግእዝ ወንጌል የሚጠቀምበት አጠራር ነው። ጆሮዬ ወንጌልን የሰማው ለካ በከፊል ከተርጓሚው የተነሣ ነው። ቀስቱን ሰርዤ ጥያቄ ምልክት አደረግኩበት። ለጓደኛዬም ነገርኩት። ሻዩን እሱ ከፈለ።

ከሐዋርያት በኋላ ያሉትን አባቶች ብዙም አልቆየሁባቸውም። አንዱ ታሪክ ግን ሳልናገረው አያልፍም። የካርታጎው ጠርጡልያኖስ ስለ ሴቶች አለባበስ ሲጽፍ የአዛዝኤልን ኩልና ጌጥ ያነሣል፤ ሔኖክን ለመደገፍም ይሁዳ ጠቅሶታል ይላል። ከ1,800 ዓመት በፊት የእኔን የሻይ ቤት ክርክር ተከራክሮታል! መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ጄሮም ደግሞ ተቃራኒውን ያወራል። ሔኖክን ስለ ጠቀሰ የይሁዳን መልእክት ራሱን ብዙዎች አይቀበሉትም ነበር ይላል። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው "ስለዚህ የእኔም መጽሐፍ በእናንተ ሔኖክ ምክንያት ሊወጣ ነበር" ብሎ ሳቀ።

አንድ ነገር ደግሞ አልጠበቅሁም። ሔኖክን ሙሉ በሙሉ ያቆየው ግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ እስኪገባ ድረስ እነሱ ዘንድ ሙሉው አልነበረም። ታዲያ መጽሐፉን ያቆየን እኛ ዘፍጥረት 6 ላይ ያሉትን "የእግዚአብሔር ልጆች" እንዴት እንፈታቸዋለን? የኔታን ስጠይቃቸው ሳያመነቱ "ደቂቀ ሴት ናቸዋ" አሉኝ። የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች እንጂ መላእክት አይደሉም። "ሔኖክስ?" ብላቸው "እሱንም በትርጓሜው ነው የምታነበው" ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ። ይህም ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ገብቷል።

ደብተሩ አሁን 41 ገጽ ሞልቷል። ያልሞላ አንድ መስመር አለ፣ ይሁዳ ቁጥር 9። ሚካኤል ስለ ሙሴ ሥጋ ከዲያብሎስ ጋር የተከራከረበት ነው። የጥንቱ የእስክንድርያ ሊቅ ኦሪጀን ይህ "የሙሴ ዕርገት" ከሚባል መጽሐፍ የመጣ ነው ይላል። ያ መጽሐፍ ነው ተብሎ የሚገመት አንድ የላቲን ብራና ሚላን ውስጥ ተገኝቶ በ1861 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አገኘሁትና አነበብኩት። ሙሴ ኢያሱን እያጽናና ሳለ፣ ሞቱ ላይ ከመድረሱ በፊት፣ ብራናው ተቆርጧል። በቀኙ ዓምድ ላይ የቁጥሩን ስም ብቻ ጽፌ የግራውን ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ።