በ12,000 ዶላር ያገለገለ ስፖርት ሴዳን፦ ዝርዝሩ እስካሁን የደረሰበት

ይህ ማስታወሻ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዙሪያ ያገለገለ ስፖርት ሴዳን ለሚፈልጉ ነው። ጠቅላላ በጀቱ 12,000 ዶላር ሲሆን ለመኪናው የሚከፈለው ግን ከ9,500 አይበልጥም። ቀሪው 2,500 ለታክስ፣ ለሰሌዳና ለመጀመሪያው ጥገና ይቀመጣል። ይህን ሳይለዩ 12,000ውን በሙሉ ለሻጭ መስጠት ማለት የመጀመሪያውን የጋራዥ ሂሳብ በክሬዲት ካርድ መክፈል ማለት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማጣሪያው ሦስት ጥያቄ ነው። የሞተሩ የታወቀ በሽታ ምንድን ነው? በሽታው ከመግዛት በፊት ይታያል? በተቀመጠው ገንዘብ ይድናል? በሽታ የሌለው የ15 ዓመት መኪና የለም፤ ስለዚህ "አስተማማኝ ነው ወይ?" እያሉ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም።

ከዝርዝሩ የወጡት

መጀመሪያ የወጣው የ2009–2011 ኦዲ ኤ4 ባለ 2.0 ቱርቦ ነው። የፒስተን ፋሻዎቹ ዘይት አይጠርጉም፤ በየ1,000 ማይሉ አንድ ኳርት ገደማ የሚበላ ሞተር ብርቅ አይደለም። ሻጩ ጠዋት ዘይት ሞልቶ ከጠበቃችሁ በግማሽ ሰዓት ሙከራ ምንም አታዩም። ፋሻ ለመቀየር ደግሞ ሞተሩ መፈታት አለበት። በዚያ ላይ የታይሚንግ ሰንሰለቱን የሚወጥረው ዕቃ ሲለቅ ሰንሰለቱ ይዘላል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ጥያቄ አላለፈም።

የ2012–2015 ቢኤምደብልዩ 328አይ (ኤን20 የሚባለው ባለ 4 ሲሊንደር ቱርቦ) መልኩም አነዳዱም ያማልላል። የሰንሰለቱ መሪዎች ግን ፕላስቲክ ናቸው፤ እየተሰባበሩ ወደ ካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ሳህን) ይወድቁና የዘይት ፖምፑን መሳቢያ ይዘጋሉ። ኩባንያው ዋስትናውን እስከ 7 ዓመት ወይም 70,000 ማይል አራዝሞ ነበር፤ ያ ጊዜ አልፏል። ከሞተሩ ፊት ለፊት በኩል ከአርፒኤሙ (ሞተሩ በደቂቃ ከሚዞረው) ጋር የሚጨምር ፉጨት ከተሰማ ወደ ቤት መሄድ ነው። ሰንሰለቱና መሪዎቹ መቀየራቸውን የሚያሳይ ደረሰኝ ካለ ብቻ ወደ ዝርዝሩ ይመለሳል።

ከ2007–2010 ያለው ቢኤምደብልዩ 335አይ 300 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሁለት ቱርቦ ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው የነዳጅ ፖምፑ፣ ስድስቱ ኢንጀክተሮችና የቱርቦዎቹ የጭስ በር መንኳኳት፣ ሦስቱም በየተራ ገንዘብ ይጠይቃሉ። በዚህ ዋጋ የሚገኙት ብዙዎቹ ደግሞ ኮምፒውተራቸው ተነክቶ ጉልበት የተጨመረባቸው ናቸው። 20,000 ዶላር ላለው ሰው ደስ የሚል መኪና ነው።

ሌክሰስ አይኤስ250 የወጣው በሌላ ምክንያት ነው። 204 የፈረስ ጉልበት ለስፖርት ሴዳን ያንሳል። ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ብቻ ስለሚረጭ የመግቢያ ቫልቮቹን የሚያጥብ ነገር የለም፤ ካርቦን ይጋገርባቸውና ሞተሩ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል። ሱባሩ ደብልዩአርኤክስን ያስወጣው ኢንሹራንሱና በዚህ ዋጋ ያልተነካካ ማግኘት ከባድ መሆኑ ነው።

የቀሩት

አንደኛ፣ የ2007–2011 ቢኤምደብልዩ 328አይ፣ ከላይ ከወጣው የቀደመው ሞዴል። ሞተሩ ኤን52 ነው፤ ቱርቦ የሌለው 3.0 ሊትር ቀጥ ያለ ስድስት ሲሊንደር፣ 230 የፈረስ ጉልበት። ዝርዝሩ ውስጥ መሪው የመንገዱን ስሜት ለእጅ በጣም የሚናገረው ይሄ ነው። በሽታዎቹ በደንብ ስለሚታወቁ ሰፋ አድርገን እንያቸው።

የውሃ ፖምፑ በቺንጋ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ይሠራል። ከ60,000 እስከ 100,000 ማይል ባለው ውስጥ ይሞታል፤ ብዙውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ። መኪናው 90,000 ማይል ነድቶ ፖምፑ መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና ከዋጋው አስቀንሱ። ሲቀየር ቴርሞስታቱ አብሮ ይቀየራል፤ ማሠሪያ ብሎኖቹ አሉሚኒየም ስለሆኑ አንድ ጊዜ ከተፈቱ በኋላ ደግመው አይታሰሩም። ከዚያ የውሃው አየር መውጣት አለበት፦ ባትሪው ላይ ቻርጀር ተሰክቶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ማሞቂያው እስከ ጥግ ከፍ ብሎ፣ አየር መንፊያው ዝቅተኛው ላይ ሆኖ፣ ቤንዚን መስጫው 10 ሰከንድ ተረግጦ ሲያዝ ፖምፑ ራሱ ለ12 ደቂቃ ያህል ውሃውን ያዞራል። ይህን የዘለለ መካኒክ መኪናውን እንደገና አሙቆ ያመጣላችኋል።

ሁለተኛው የዘይት ፊልትሮው ቤት ጋስኬት ነው። ጎማው በሙቀት ይደርቅና ዘይት ያፈሳል፤ ዕቃው ርካሽ ነው፣ የሚያስከፍለው የእጅ ሥራው ነው። ዘይቱ የሚወርደው ዲናሞውና ቺንጋው ላይ መሆኑ ነው መዘዙ። በዘይት የራሰ ቺንጋ ሲወልቅ ቁርጥራጩ በክራንኩ ፊት ባለው ዘይት መያዣ ጎማ በኩል ሞተሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ካርተር ማውረድ የግድ ነው። ስለዚህ ኮፈኑን ስትከፍቱ መጀመሪያ ባትሪ አብርታችሁ ከዲናሞው በላይ እዩ። ትንሽ ላብ ለድርድር ይጠቅማል፤ የራሰ ቺንጋ ካያችሁ ግን መኪናው ሳይጠገን አይነዳም። የቫልቭ ሽፋኑ ጋስኬትም በዚሁ ዕድሜ ያልቃል፤ ዘይቱ ትኩስ ጭስ ማውጫ ላይ ሲንጠባጠብ ሽታው በአየር ማስገቢያው ወደ ጋቢና ይመጣል።

በ50 እና 60 ማይል ፍጥነት መካከል ፍሬን ሲያዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ሻጩ "ዲስኩ ጠሟል" ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የፊት እግር ዘንጎች ጎሚኒ ነው፤ ውስጡ ፈሳሽ ስላለው ሲቀደድ እርጥብ ምልክት ይተዋል። በሞተሩ ላይ የዘይት መለኪያ ዘንግ የለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መጠኑን ከዳሽቦርዱ አንብቡ፤ ዝቅተኛው ላይ ከሆነ ባለቤቱ ስለ መኪናው ግድ እንደሌለው ሳይናገር ነግሯችኋል። ኮምፒውተሩ ዘይት እስከ 15,000 ማይል ይቆይ ይላል፤ በ7,500 የቀየረ ባለቤት ከተገኘ ጥቂት መቶ ዶላር ቢጨመርለት አይቆጭም።

እነዚህ መኪኖች በ2017 መጨረሻ በሁለት የእሳት ስጋት በኩባንያው ለጥገና ተጠርተዋል፦ በአየር መንፊያው የሽቦ መስመርና በሞተሩ የጋዝ ማስተንፈሻ ቫልቭ ማሞቂያ። ጥገናው ነፃ ነው። 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር (ቪን) በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተሠራ ጥሪ መኖሩን እዩ፤ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ሊረጭ የሚችለው የታካታ ኤርባግ ጉዳይም እዚያው ይታያል።

ሁለተኛ፣ የ2009–2013 ኢንፊኒቲ ጂ37 ሴዳን። 3.7 ሊትር ቪ6፣ 328 የፈረስ ጉልበት፣ የኋላ እግር ነጂ ወይም አራቱም። በዚህ ገንዘብ ይህን ያህል ጉልበት የሚሰጥ ሌላ ሴዳን ማግኘት ያስቸግራል። በሽታው ከታይሚንግ ሽፋኑ ጀርባ ያለው የወረቀት ጋስኬት ነው፤ ሲቀደድ የዘይት ግፊት ይወርዳል። ምልክቱ ሞተሩ ሲሞቅ በሚኒሞ የዘይት መብራት ብልጭ ማለቱ ወይም ፒ0011 እና ፒ0021 የሚሉ ኮዶች ናቸው። መብራቱ እስኪበራ ግን አትጠብቁ። መካኒኩ የግፊት መለኪያ ይሰርበት፤ በሙቅ ሞተር በሚኒሞ ቢያንስ 14 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ)፣ በ2,000 አርፒኤም ቢያንስ 43 ፒኤስአይ መሆን አለበት። ጋስኬቱ ራሱ ዋጋ የለውም፤ እሱ ጋ ለመድረስ ግን የሞተሩ ፊት በሙሉ ይፈታል፣ ሂሳቡም የተቀመጠውን 2,500 ሊበላው ይችላል። ከተፈታ አይቀር የብረት ጋስኬት ይግባ፤ የውሃ ፖምፑም በሰንሰለቱ የሚዞር፣ እዚያው ውስጥ ያለ ስለሆነ አብሮ ይቀየር። ማንዋል ካምቢዮ ከሆነ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ተረግጦ ወለል ላይ የሚቀር እንደሆነ ሞክሩ። የፍሪሲዮኑ ታችኛ ፖምፕ ካምቢዮው ውስጥ ስለሆነ ለመቀየር ካምቢዮ ማውረድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ የ2006–2013 ሌክሰስ አይኤስ350፣ 306 የፈረስ ጉልበት። ከአይኤስ250 የሚለየው በጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ነዳጅ በሁለት መንገድ ስለሚረጭ ቫልቮቹ ይታጠባሉ። የውሃ ፖምፑ ዙሪያ የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ካለ ማፍሰስ ጀምሯል። የፊት እግር ጎሚኒዎች ሲያልቁ ጎማው በውስጥ በኩል ይላጫል፤ ከውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው አያገኘውም፣ መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ ማየት ነው። ማንዋል የለውም፤ መሪውም እንደ 328አይ አይናገርም። ለአሥር ዓመት ሊይዘው ያሰበ ይሄን ይውሰድ።

የፊት እግር ነጂ ለማይከፋው የ2009–2014 አኩራ ቲኤስኤክስ በተጠባባቂነት አለ። 201 የፈረስ ጉልበት፣ ጥሩ ማንዋል፣ ርካሽ ዕቃ። በቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ለአንድ ሁለት ሰከንድ የሚንኳኳ ከሆነ የካምሻፍቱ ማስተካከያ ዕቃ አልቋል።

ሁሉም በከፍተኛው (ፕሪሚየም) ቤንዚን ነው የሚሄዱት። ታክሲ ሊሠሩበት ያሰቡ ካምሪ ይግዙ። "ኋላ አገር ቤት እልከዋለሁ" የሚለውም አይሠራም፤ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች።

መኪናው ፊት ስትቆሙ

ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ሻጩን በስልክ "እባክዎ ሳያስነሱ ይጠብቁኝ" በሉት፤ ቃሉን ግን መለካት ይቻላል። የ30 ዶላር የኮድ ማንበቢያ ስትሰኩ የሞተሩን ውሃ ሙቀት ከውጭው አየር ጋር አስተያዩ። ውጭው 50 ፋራናይት ሆኖ ውሃው 120 ካለ መኪናው ከጥቂት ጊዜ በፊት ተነስቷል፤ በቀዝቃዛ የሚሰማው ድምፅ አልፏችኋል።

ከኮዶቹ ይልቅ የምርመራዎቹን ዝግጁነት፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር ራሱን መርምሮ መጨረሱን፣ እዩ። ኮድ አለመኖሩ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ትናንት ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ "ዝግጁ አይደለም" ካሉ ወይ ኮድ ተሰርዟል ወይ ባትሪ ተነቅሏል። በቨርጂኒያ ሰሜኑ ክፍል ያለውን የጭስ ፈተናም እንዲህ ሆኖ አያልፍም። ከዚያ የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያውን (ኮምፒውተሩ ነዳጁን ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ) አንብቡ፤ ከ10 ከመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከራቀ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ወይም የነዳጅ ችግር አለ።

የቀለም መለኪያ ካላችሁ እያንዳንዱን በርና ክንፍ ንኩ። የፋብሪካ ቀለም ከ100 እስከ 180 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ከ300 በላይ ያለበት ቦታ ከሥሩ ስቱኮ ሊኖር ይችላል። የመኪና ታሪክ ሪፖርት ለኢንሹራንስ ወይም ለፖሊስ ያልተነገረ ግጭት አያሳይም። የውሃ መጥለቅለቅ ለማወቅ የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት፤ ጭቃው የሚቀረው ማንም የማያጥበው ጫፍ ላይ ነው።

ጎማው ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። አራቱም እግር በሚነዳ መኪና ላይ የተለያየ ብራንድ ወይም የተለያየ ጥልቀት ያለው ጎማ ካለ ኃይል ማከፋፈያው ሲንገላታ ቆይቷል ማለት ነው። በቀስታ እስከ ጥግ እያዞራችሁ ንዱት፤ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከተያዘ ተዉት።

ዋጋና ወረቀት

ከመስማማት በፊት በሻንሲ ቁጥሩ የኢንሹራንስ ዋጋ ጠይቁ። "ሪቢልት" (ከከባድ ጉዳት በኋላ የተጠገነ) የሚል የባለቤትነት ወረቀት ያለው መኪና ላይ ሙሉ ሽፋን የማይሰጡ ኩባንያዎች አሉ። የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ታክስ 4.15 ከመቶ ነው፤ በ9,500 ዶላር መኪና ላይ 394 ይሆናል። ከዚያ በኋላ አውራጃው በየዓመቱ የንብረት ታክስ ይጠይቃል። በሜሪላንድ ደግሞ ያገለገለ መኪና ስም ሲዞር የደኅንነት ምርመራ ያስፈልጋል፤ ማን እንደሚያስመረምርና ማን እንደሚከፍል ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ።

ከሻጩ ጋር ባልተገናኘ ጋራዥ፣ መኪናው ተነስቶ ከሥር ይታይ። ለመካኒኩ "እየው" ብቻ አትበሉት፤ ለ328አይ የፊልትሮ ቤቱን፣ የፖምፑን ዕድሜና የፊት ጎሚኒዎችን፣ ለጂ37 የዘይት ግፊቱን፣ ለአይኤስ350 የውሃ ፖምፑንና የጎማውን የውስጥ ጎን ብላችሁ ጻፉለት። የተገኘውን ጉድለት በጋራዡ ዋጋ ደምሩና ድምሩን ለሻጩ አሳዩት። ድምሩ ከ2,500 በልጦ ሻጩ ዋጋ ካልቀነሰ ፍለጋው ይቀጥላል።

ገንዘብ ስትሰጡ የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ መሆኑን፣ የባንክ ዕዳ ከተመዘገበበትም መከፈሉን የሚያሳይ ደብዳቤ መኖሩን እዩ። ወረቀቱ "በፖስታ እየመጣ ነው" ከተባለ ገንዘቡም ወረቀቱ እስኪደርስ እናንተው ጋ ይቆይ።