የደበዘዘችው ቁጥር

ዛሬ መተማ፣ ከሱዳን ተሰደው የመጡ ሰዎች በቀይ መስቀል ስልክ ቤተሰባቸውን በነፃ ሲያገኙ ሳግዝ ዋልኩ። አንዲት እናት ተራዋ ሲደርስ የልብሷን ጫፍ ገለጠችልን። ቁጥሩ ጨርቁ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ላብ አደብዝዞታል። አንዷ አሃዝ አልለይ አለችን። ገምተን ደወልን።

«አሎ?» አለ አንድ ወጣት። ልጇ ነው! እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አለች። ካወሩት ውስጥ እኔ የገባኝ «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ነው፤ እሱን ግን ደጋግማ አለችው።

ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ስንቱ ቤተሰብ እንዲህ ተበታትኗል። ሰዎች «ምን ታገኝበታለህ?» ይሉኛል። ደመወዝ የለውም። እኔ ግን የዚያችን እናት ፊት በማየቴ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ጊዜ ያላችሁ ልጆች ኑ፣ አብረን እናግዝ። ዐረብኛ የምትችሉማ በጣም ነው የምታስፈልጉን።