ብርዱንስ ይችሉታል

ከአንድ ጥንዚዛ ጋር ፍቅር ይዞኛል። ቀይ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ሰው የረገጠው ይመስል ጠፍጣፋ ነው። በሳይንስ ስሙ ኩኩጁስ ክላቪፔስ ይሉታል። አንዱ ንዑስ ዝርያው አላስካ ውስጥ በሞቱ የፖፕላር ዛፎች ቅርፊት ስር ይኖራል፤ ጠፍጣፋነቱም በቅርፊቱና በግንዱ መካከል ለመሹለክለክ ይበጀዋል።

ያስወደደኝ ግን መልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት የዚህን ጥንዚዛ እጮች እያቀዘቀዘ ተከታተላቸው። በአማካይ ከዜሮ በታች ከ35 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርሱ ሰውነታቸው በረዶ አልሠራም። እስከ 58 የቆየም ተገኝቷል። አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ እምቢ አሉ። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ እየወፈረ፣ እየወፈረ ሄዶ በመጨረሻ በረዶ ሳይሆን መስታወት መሰል ጠጣር ሆነ። ከዜሮ በታች 100 ዲግሪ ድረስ ወርደው በሕይወት የተመለሱ አሉ። መቶ! እኔ ጠዋት ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ለመታጠብ የማመነታ ሰው ነኝ።

ነፍሳት በብርድ ወራት የት ይገባሉ ብላችሁ ሰው ብትጠይቁ፣ ወይ "ይሞታሉ" ወይ "ይተኛሉ" ይላችኋል። ሁለተኛው መልስ በተለይ ያናድደኛል። መተኛት ብቻውን ማንንም ከበረዶ አያድንም። የነፍሳት ሰውነት ትንሽ ስለሆነ ሙቀት አይዝም፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ አብሮ ይቀዘቅዛል። ብዙዎቹን የሚፈጃቸው ደግሞ ውስጣቸው ያለው ውሃ ነው። ውሃው በረዶ ሲሆን ስለታም ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፣ ሕዋሳትን ይበሳሳሉ። ጨዋታው እንግዲህ ውሃውን መቆጣጠር ነው።

ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ የግድ በረዶ አይሆንም። አንድ ቀን ፍሪዘር ውስጥ የረሳሁትን የታሸገ ውሃ አወጣሁ። ፈሳሽ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቆም ሳደርገው፣ ዓይኔ እያየ ከላይ እስከ ታች በረዶ ሆነ። በረዶ ለመጀመር መነሻ ይፈልጋል፤ አቧራም ይሁን፣ ባክቴሪያም ይሁን፣ የሆነ ነገር። መነሻ ካጣ ንጹሕና ትንሽ የውሃ ጠብታ ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

ብዙ ነፍሳት በዚህ ይጠቀማሉ። ብርዱ ከመግባቱ በፊት መብላት ያቆማሉ፣ አንጀታቸውን ባዶ ያደርጋሉ። ሆድ ውስጥ የቀረ ፍርፋሪና ባክቴሪያ በረዶ ማስነሻ ነውና። ደረቅ ቦታ ይመርጣሉ፤ ውጭ ያለ በረዶ ገላቸውን ከነካ ወደ ውስጥ ሊዘልቅ ይችላል። ከዚያ ኬሚስትሪው ይመጣል። ውሃው ቶሎ በረዶ እንዳይሆን፣ በሰውነታቸው ያጠራቀሙትን ስንቅ ወደ ግሊሰሮል ይቀይራሉ። አዎ፣ ቆዳ የምንቀባው ግሊሰሪን ራሱ ነው። የስኳር ዘመድ የሆነውን ሶርቢቶል የሚጨምሩበትም አሉ። የእኔው ቀይ ጥንዚዛ ደግሞ ልዩ ፕሮቲኖች አሉት። ገና የተፈጠረች የበረዶ ቅንጣት ላይ ተለጥፈው እንዳታድግ ያግዷታል። በዚያ ላይ ከሰውነቱ ብዙውን ውሃ አስወጥቶ ደርቆ ይጠብቃል።

ሌላው መንገድ ይብሳል። እዚያው አላስካ ውስጥ ኡፒስ ሴራምቦይደስ የሚባል ጥቁር ጥንዚዛ አለ። እሱ ከበረዶ አይሸሽም። በረዶ ሆኖ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ከዜሮ በታች 60 ዲግሪን ሳይቀር ችሎ፣ ሲሞቅ ተነሥቶ ይሄዳል። ምሥጢሩ በረዶው የት እንደሚሠራ ላይ ነው። ከሕዋሳቱ ውጭ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ይሠራል፣ ወደ ሕዋሳቱ ግን አይገባም። እንዲህ ያሉት ነፍሳት ብዙ ጊዜ በረዶው ገና ከዜሮ በታች በጥቂት ዲግሪ ላይ፣ ቀስ ብሎ እንዲጀምር ራሳቸው ያግዙታል። ዘግይቶ በድንገት ከመጣ ይፈጃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች ከዚህ ጥንዚዛ ዛይሎማናን የተባለ ፀረ በረዶ ንጥረ ነገር አወጡ። ከዚያ በፊት በነፍሳት ውስጥ ይታወቁ የነበሩት እንዲህ ያሉ ፀረ በረዶዎች ፕሮቲኖች ነበሩ፤ ይህኛው በዋናነት ከስኳር የተሠራ ነው። አንድ ጫካ፣ ሁለት ጥንዚዛ፣ ሁለት ፍጹም ተቃራኒ ውሳኔ።

ተደብቆ መክረም የማይወድም አለ። ኪዮኒያ የሚባል ክንፍ የለሽ ዝንብ በብርዱ መሃል በረዶው ላይ በእግሩ ይንቀሳቀሳል፣ ተጓዳኝ ፍለጋ። የሰውነቱ ሙቀት ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ይራመዳል። ከዚያ በረዶ ይጀምረዋል፣ ብዙ ጊዜ ከእግሩ። ያኔ ምን ያደርጋል? እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት እንዳሳየው እግሩን ቆርጦ ይጥላል። በረዶው ከእግሩ ተነሥቶ ገላው እስኪደርስ ያለችው ጊዜ በጣም አጭር ናት፤ በዚያች ነው የሚወስነው። ከዚያ በቀሩት እግሮች መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ዝንብ ልመታ ስነሣ እጄ ይከብደኛል።

ነፍሳቱ መቼ እንደሚዘጋጁ በምን ያውቃሉ? ብዙዎቹ በቀኑ ርዝመት ነው። ሙቀት ያታልላል፤ ዛሬ ብርድ፣ ነገ ሙቀት ይሆናል። የቀኑ ማጠር ግን በየዓመቱ ያው ነው። ቀኑ ሲያጥር ብዙዎቹ እድገታቸውን አቁመው ዝግጅት ይጀምራሉ። ዝግጅቱ ጊዜ ይወስዳል፣ ለዚህም ነው ከቀን መቁጠሪያው የቀደመ ብርድ አደገኛ የሚሆነው። የሰሜን አሜሪካውን የተራራ ፓይን ጥንዚዛ ውሰዱ፤ ፓይን የሚባሉትን ዛፎች ቅርፊታቸው ስር ገብቶ የሚገድል ነው። የጥንዚዛው እጭ በብርዱ ወራት መሃል ግሊሰሮሉን ካሟላ በኋላ ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ቅዝቃዜ ይችላል፣ ከዜሮ በታች ማለቴ ነው። ገና ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ግን ከዚያ በጣም የቀለለ ብርድ ይገድለዋል።

ይኸው ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተባዝቶ፣ በቀጣዮቹ ዓመታት ወደ 18 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ ደን ጎድቷል። አንዱ ምክንያት እነዚያ ገዳይ ብርዶች መጥፋታቸው ነው። እዚህ ላይ ፍቅሬ ችግር ውስጥ ይገባል። የማደንቀው ኬሚስትሪ ራሱ ነው ደኑን የጨረሰው። ቢሆንም ማድነቄን አልተውም፤ አየሩን ያሞቀው ጥንዚዛው አይደለም።

ሙቀት ደግሞ ለሁሉም ነፍሳት ውለታ አይደለም። ብርዱ ላላ ሲል ሰውነታቸው ይፈጥናል፣ ስንቃቸው ይቃጠላል። ምግብ የለም። ተቆጥቦ የቆየው ስብ ቀድሞ ካለቀ፣ ብርዱን ያለፈው ነፍሳት ምግብ ሳይመጣ በረሃብ ይቀራል። ሌላው በመሬት ላይ የሚተኛው የበረዶ ክምር ነው። ወፍራም ክምር ከስሩ ያለውን አፈርና የረገፈ ቅጠል ወደ ዜሮ አካባቢ ያቆየዋል፣ ውጭው ምንም ያህል ቢከፋ። ክምሩ ከቀለጠና ብርዱ ተመልሶ ከመጣ፣ በቅጠሉ ስር ያሉት ብርድ ልብሳቸውን ተገፈዋል ማለት ነው። ስለዚህ "ዘንድሮ ብርዱ ቀለል ብሏል፣ ተባይ ይበዛል" ሲባል ቶሎ አልስማማም። አንዳንዱ ይበዛል፣ አንዳንዱ ያልቃል።

በብርድ አገር እንጨት ለሚያነዱ አንድ ነገር ልበል። የተቆለለውን እንጨት ቀድማችሁ ቤት አታስገቡት። ቅርፊቱ ስር የከረመ ጥንዚዛ ሙቀቱ ሲነካው ሊነቃና መስኮት ላይ ሊወጣ ይችላል። አሳዝኗችሁ ወደ ውጭ ብትመልሱትም አብዛኛውን ጊዜ አይጠቅመውም፤ በሞቀበት ጊዜ የብርድ መከላከያውን ማፍረስ ጀምሯል። የዕለቱን ብቻ አስገቡ፣ የቀረው ውጭ ይቆይ።