ከቀንድ ፍለጋ ወደ ጃርት ወስፌ

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨር ነው የሚኖረው። አምና አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ተራራ ላይ ወጥቶ ከቁጥቋጦ ሥር ዛፍ የመሰለ ቀንድ ያነሣል። "አየኸው? ራሱ ጥሎት ሄዶ ነው!" እያለ ይስቃል። ቅርንጫፉን ቆጠርኩት፣ አምስት ነው።

ቀናሁ። ባሕር ዳር የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ለክፍሌ ማሳያ የሚሆን ነገር ሁሌ እንዳማረኝ ነው። "እኛስ ጣናን የሚያህል ነገር ይዘን አንድ ቀንድ እናጣለን?" ብዬ ተነሣሁ።

ሁለት ቅዳሜ ዞርኩ። ምንም የለም። ሦስተኛው ላይ ነው የገዛ ትምህርቴ ትዝ ያለኝ። ፈረንጆቹ ዲር የሚሉት፣ እኛ ስንተረጉም "አጋዘን" የምንለው እንስሳ አገራችን ውስጥ የለም። የኛ አጋዘን፣ ድኩላና ሚዳቋ ሌላ ወገን ናቸው። የዲር ቀንድ ጥርት ያለ አጥንት ነው። ወንዱ የመራቢያው ወቅት ካለፈ በኋላ ይጥለውና በዓመቱ እንደገና ያበቅላል። የድኩላ ቀንድ ግን ውስጡ አጥንት፣ ላዩ እንደ ጥፍራችን ያለ ኬራቲን ነው። ዕድሜውን ሙሉ አይጥለውም። ስለዚህ ጣና ዳር የድኩላ ቀንድ ወድቆ ካያችሁ ባለቤቱ ሞቷል። ይሄን በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰውዬ እኮ ነኝ! ቪዲዮ የማያስረሳው ምን አለ።

ታዲያ እኛ ዘንድ ራሱ የሚወድቅ ምን አለ? የጃርት ወስፌ። እሾሁ የተለወጠ ጸጉር ነው፤ እንደ ጸጉር ይረግፋል፣ እንደ ጸጉር ይተካል። ጃርት ደግሞ ዝጌ ጫካ ውስጥ አለ።

ዝጌን ለማያውቅ፣ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በገዳሙ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ሎሚና ጌሾ ሆኖ በቀለ። ከዚያ ወዲህ እዚያ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም ይባላል። ዋንዛውና ብርብራው ቡናውን አስጠልሎ እስከ ዛሬ የቆመው አንድም በዚህ ነው። ጫካ ቢመስልም ግን ባለቤት የሌለው ጫካ አይደለም። እያንዳንዱ የቡና ሥር የአንድ ቤት ነው፤ የቀረው የቤተ ክርስቲያን። ዝም ብሎ ገብቶ ጎንበስ ቀና ማለት ያስጠይቃል።

እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት መጠየቅ ነው። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አጻፍኩ። የዱር እንስሳት አዋጁ የዱር እንስሳን ውጤት ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ስለሚከለክል፣ "የወደቀ እኮ ነው" ብሎ መከራከር አያዋጣም። ፈቃዱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ከዚያ አንድ አባት ዘንድ ሄድኩ።

"አባ፣ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። ምን ልታነሣ ነው የመጣኸው?"

"የጃርት ወስፌ።"

ሳቁብኝ። "ጃርቱን ከነወስፌው ብትወስድልን በተሻለ ነበር። የተከልነውን ሁሉ ነቅሎ ጨረሰው" አሉ። ቀጥለው ግን ኮስተር ብለው፣ "መንገድ ላይ የወደቀውን አንሣ። ጉድጓዱ ዘንድ እንዳትደርስ። ከቅጽሩ ውስጥ ደግሞ ቅጠልም አትነካም" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ መመሪያ እስካሁን አላነበብኩም።

ወስፌ የሚፈለገው ቡና ተለቅሞ ካበቃ በኋላ፣ መሬቱ ሲደርቅ ነው። ያኔ የባለቤቶቹንም ሥራ አታደናቅፉም። ጃርት የሌሊት እንስሳ ነው፤ በለመደው መስመር ይመላለሳል። በወደቀ ግንድ ሥር ሲሾልክ፣ በአጥር ቀዳዳ ሲጨናነቅ እሾሁ ይቀራል። እኔ በዓይኔ ጥቁርና ነጭ ቀለበት ስፈልግ ነበር። ደረቅ ቅጠል ላይ ግን ቀለበቱ አይታይም፤ የሚታየው ቀጥታነቱ ነው። ጫካ ውስጥ እንደ እርሳስ ቀጥ ያለ ነገር የለምና ዓይን አንዴ ከለመደ ከሩቅ ይለየዋል።

ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ወፍራምና አጠር ያለ አለ፣ እንደ ስንደዶ የሚተጣጠፍ ረጅም አለ። ትልቁን በማስመሪያ ለካሁት፣ 31 ሴንቲ ሜትር። እኔ የምወደው ግን የጅራቱን ነው። ውስጡ ባዶ፣ ጫፉ ክፍት፣ ትንሽ ኩባያ የመሰለ። ጃርት ሲቆጣ እነዚህን እያንኳኳ ነው የሚያስፈራራው። እስካሁን ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ሰባት ወስፌ አገኘሁና በፌስታል ጠቅልዬ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ባጃጁ ጉድጓድ ሲገባ አንዱ ሱሪዬን አልፎ ጭኔ ውስጥ ገባ። ሹፌሩ ጩኸቴን ሰምቶ የተጋጨን መስሎት ቆመ። ደግነቱ የኛ አገር ጃርት እሾህ እንደ አሜሪካው መንጠቆ የለውም፤ ሲስቡት ይወጣል። ጫፉ ግን አፈር የቆፈረ እንስሳ ላይ የነበረ ነው። ጤና ጣቢያ ሄጄ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተወጋሁ። ነርሷ "ምን ወጋህ?" አለችኝ። "ጃርት" ስላት ጸጉሬን አየችና፣ "ማበጠሩንስ አበጥሮሃል" አለችኝ። አሁን የሁለት ሊትር ሃይላንድ አፉን ቆርጬ፣ ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጌ ነው የምይዘው። ጓንትም አለኝ፣ ወፍራም የግንበኛ ጓንት።

እጅ ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ አይሞከርም። የጃርት ጉድጓድ ውስጥ ጃርት ብቻ አይደለም የሚኖረው፤ እባብም አለ፣ ከርከሮም አለ። ጃርቱ ራሱ ከተጨነቀ ወደ ኋላ ነው የሚያጠቃው፣ በጀርባው እየሮጠ። በባሕሩ ዳር ዳርም አመሻሽ ላይ አትሂዱ። አንድ ቀን መሽቶብኝ በደንገሉ ጠርዝ ስመጣ ባለ ጀልባው ተቆጣኝ። "ወንድሜ፣ ጉማሬ የሚያስፈራው ባሕር ውስጥ ሲሆን አይደለም። አንተ በሱና በባሕሩ መሃል ስትገባ ነው" አለኝ። ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ እኔ ራሴ ያመጣሁት ነው።

መንገድ የሚያሳየኝ አንድ ልጅ ነበር፣ የ12 ዓመት ገደማ። ዓይኑ ከኔ ይበልጣል። በሁለተኛው ሳምንት አሥራ አንድ ወስፌ ለቅሞ ጠበቀኝ። ደስ ብሎኝ 50 ብር ሰጠሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ እቅፍ በገመድ አስሮ መጣ። ከ60 ይበልጣል።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፈታሁት። ራሱ የረገፈ ወስፌ ሥሩ ጠበብ ያለ፣ ንጹሕና ደረቅ ነው፤ በጣት ሲነኩት እንደ ጥርስ መፋቂያ ጫፍ ነው። የነዚህ ሥር ላይ ቡናማ ነገር ደርቋል። በጥፍሬ ጫር አደረግሁት። ሥጋ ነው። ረጅሙም አጭሩም፣ የጀርባውም የጅራቱም አንድ ላይ ነበረ፤ መካከሉ ላይ ጥቁር ጸጉር ተጣብቋል። በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ የሚያራግፍ ጃርት የለም።

"ከየት አመጣኸው?"

"አጎቴ ነው ቲቸር። ከዝጌ ውጭ ድንች ማሳ አለው። በወጥመድ ያዘው።"

ድንቹን ስለበላበት ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ስል ልጁ ጨመረልኝ። "ሌላም ወጥመድ ሠርቷል። የተረፈውን መንገድ ላይ ለቱሪስት እንሸጠዋለን ብሏል።"

50 ብር ነው ይህን ያደረገው። የኔ 50 ብር።

አልገዛሁትም። የልጁ ፊት እንዴት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ጥፋቱም የሱ አይደለም። እናቱ ዘንድ ሄድኩና ከእንግዲህ ራሱ የወደቀውንም ቢሆን እንደማልገዛ ነገርኳት። ልጇ ቅዳሜ ግማሽ ቀን መንገድ ቢያሳየኝ ግን እከፍለዋለሁ፣ ብናገኝም ባናገኝም። አጎትየውን ደግሞ ሄጄ አነጋገርኩት። የጃርት ወጥመድ በኔ ንግግር ይነሣል ብዬ አልነበረም። "ወስፌውን የሚገዛ የለም" የሚለው ወሬ ከኔው አፍ እንዲወጣ ፈልጌ ነው።

ለአክስቴ ልጅ ሳወራለት አልገረመውም። ኮሎራዶ በስተ ምዕራብ፣ በመንግሥት መሬት ላይ፣ በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቀንድ መልቀም ክልክል ነው። የበረዶውን ክረምት በረሃብ ያለፈ እንስሳ ሰው እያባረረው ከሮጠ፣ የቀረችውን ስብ ጨርሶ ይሞታል። ሰው ግን ቀንዱ ዋጋ ስላለው ሊቀድም ይሮጣል። ቪዲዮውን የቀረጸው ለካ ሜይ እስኪገባ ጠብቆ ነው።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ጉዞ ከሦስት አላነሣም። ጉድጓድ አፍ ላይ ያለውን አልነካም፤ እሱ ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ የሚናገር ጫማ ነው። ቤት ስደርስ በሳሙና አጥባለሁ፣ በአልኮል እጠርጋለሁ፣ ጥላ ውስጥ አደርቃለሁ። ጫፉ ላይ ቡሽ እሰካለሁ። ከዚያ ቀኑንና ቦታውን ወረቀት ላይ ጽፌ አስርበታለሁ።

አሁን ክፍል ውስጥ 23 አሉ። ተማሪዎቼ እጅ በእጅ ሲቀባበሉ አንዱ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ጃርት ስንት ሜትር ድረስ ነው የሚወረውረው?"

"አይወረውርም። ልል ስለሆነ ሲነካ ይነቀላል፣ በቃ።"

"አያቴ ግን በዓይናቸው አይተዋል።"

ክፍሉ በሙሉ ከሱ ጋር ሆነ። "እንግዲያው አያትህን ይዘህ ና" አልኩት። እስካሁን እየጠበቅኋቸው ነው።