ሦስት ብርጭቆ ውሃና አንድ ጠርሙስ ጌዝ

እኛ ቤት ጠላ ኮመጠጠ ማለት እንግዳ ፊት አይቀርብም ማለት ነው። ስለዚህ ብራሰልስ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ አዛውንት የሥራ ባልደረባዬ ካፌ ወስዶ ላምቢክ የተባለውን ቢራ ሲጋብዘኝ፣ አንዴ ፉት ብዬ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መለስኩ። አረፋ የለውም፣ ይኮመጥጣል፣ የእርጥብ ጭድ ሽታ አለው። ተበላሽቷል ብዬ ለአስተናጋጁ ልነግረው ስል ባልደረባዬ ቀደመኝና «የስንት ዓመት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ዕድሜው የሚጠየቅ የተበላሸ ቢራ አይቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ ከነከነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ካንቲዮን ወደሚባለው ጠመቃ ቤት ሄድኩ። አንደርሌክት በተባለው የብራሰልስ ክፍል ውስጥ፣ ከሚዲ ባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስበት ነው። ቤቱ የተመሠረተው በ1900 ሲሆን ከ1978 ጀምሮ ደግሞ እየጠመቀ ለጎብኚ ክፍት የሆነ ሙዚየም ነው። ጣሪያው ሥር ስወጣ ሰፊና ጥልቀት የሌለው የመዳብ ገንዳ አየሁ። የፈላው የብቅልና የስንዴ ውሃ እዚያ ላይ ይፈስና ሌሊቱን ሙሉ በነፋስ ይቀዘቅዛል። ከጣሪያው ክፍተት የሚገባው አየርና የቤቱ እንጨት ይዘውት የኖሩት እርሾና ባክቴሪያ ያርፉበታል። ከመደብር የተገዛ እርሾ አይጨመርም። ሥራው የሚሠራው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ብቻ ነው፤ በአውሮፓ በጋ ሌሊቱ ስለሚሞቅ የማይፈለገው ተህዋሲ ይበዛል።

እህሉ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ያልበቀለ ስንዴ ነው፣ ቀሪው የገብስ ብቅል። የፈረንጅ ጌሾ የምለውን ሆፕስ ደግሞ ሦስት ዓመት ያህል አስቀምጠው፣ ምሬቱ ከጠፋ በኋላ ነው የሚጨምሩት። የሚፈልጉት ምሬቱን ሳይሆን መጥፎውን ባክቴሪያ የሚገታበትን ጠባይ ነው። በርሜሎቹ መካከል የሸረሪት ድር ተንጠልጥሎ ሳይ ግራ ገባኝ። አይጠርጉትም አሉኝ፤ ሸረሪቶቹ ቢራውን የሚያበላሹትን ትንንሽ ዝንቦች ይበላሉ። አክስቴ ይህንን ቢያዩ ጠላ ቤት አይሉትም ነበር። እሳቸው ጋኑን በግራዋ ፈትገው፣ በወይራ አጥነው ነው የሚጠነስሱት።

እንዲያም ሆኖ ከቤት ይዤው የመጣሁት እውቀት ገና በር ላይ ጠቀመኝ። ጠላም እኮ የእሽግ እርሾ አይገዛለትም፤ ከጌሾውም ከጋኑም የሚመጣው ይበቃዋል። ያልጠበቅሁት ጊዜውን ነው። ጠላ ቶሎ ደርሶ ቶሎ ይጠጣል። ላምቢክ ግን በኦክ በርሜል ውስጥ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ዓመት ይቀመጣል። መጀመሪያ የተለመደው የቢራ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ወራት ቆይቶ ፔዲዮኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ተራውን ይይዝና ያኮመጥጠዋል። በዚህ ጊዜ ቢራው እንደ ተልባ ውሃ ሊዝለገለግ ይችላል፤ ያኔ የቀመሰ ሰው ቢደፋው አይፈረድበትም። ያንን የሚያጠራው ብሬታኖማይሲስ የሚባለው ዱር አደር እርሾ ነው። ስሙን ያወጣለት በ1904 የዴንማርኩ ቢራ ፋብሪካ የካርልስበርግ ተመራማሪ ክላውሰን ነው፤ ከእንግሊዝ ቢራ ስላገኘው «የብሪታኒያ ፈንገስ» አለው። ይህ እርሾ ሌሎቹ የተዉትን ስኳር ሳይቀር ስለሚጨርስ፣ ቢራው ኮምጣጣነቱን የሚያለዝብለት ጣፋጭ ነገር አይቀርለትም። የእርጥቡን ጭድ ሽታ የሚያመጣውም እሱ ነው።

ይህንን ሁሉ አወቅሁ፣ ምላሴ ግን አልተለወጠም። ጌዝ የሚባለውን መግዛት ጀመርኩ፤ ጌዝ ማለት የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ተቀላቅሎ ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ሲፈላ የሚገኘው ነው፣ እንደ ሻምፓኝ አረፋ አለው። በደብተር ላይ የቀመስኩትን እጽፍ ነበር። አሥራ አንድ ጠርሙስ መዝግቤ አሥራ አንዱንም «ኮምጣጣ» ብዬዋለሁ። ዛሬ ስከፍተው ያስቀኛል።

መላውን ያገኘሁት ማዕድ ቤት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ብርጭቆ ውሃ ደረደርኩ። በአንዱ የሎሚ ጭማቂ ጠብ አደረግኩ፣ በሁለተኛው ትንሽ አቼቶ፣ በሦስተኛው ከእርጎ ያጠለልኩትን አጓት። እያፈራረቅሁ ቀመስኩ። ሎሚው ምላስን ወግቶ ቶሎ ይሄዳል። አቼቶው ገና ሳይዋጥ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ጉሮሮንም ይከረክራል። አጓቱ ግን ለስለስ ብሎ ይመጣና መንጋጋ ሥር ይቆያል፣ አፍን ምራቅ ይሞላል። ወዲያው ጌዝ ቀዳሁና አፌ ውስጥ ያዝኩት። አጓት! ለካ ሎሚም አቼቶም ብዬ የምሰድበው ነገር የእርጎ ዘመድ ኖሯል። በጥሩ ጌዝ ውስጥ አቼቶም አይጠፋም፣ ግን ከኋላ ነው የሚቆመው። ፊት ከቀደመ በርሜሉ አየር በዝቶበት ነበር ማለት ነው፤ አቼቶን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ያለ አየር አይሠሩምና።

ከዚያ ቀን በኋላ ኮምጣጣነቱን አስቀድሜ አልቆጥረውም። እንደ ቤት ደጃፍ አልፈዋለሁ። ከዋጥኩ በኋላ ትንፋሼን በአፍንጫዬ አወጣና የሚመጣውን እጠብቃለሁ፦ የፖም ልጣጭ፣ የደረቀ ሣር፣ ዝናብ የመታው የበቅሎ ኮርቻ። የቢራ ሰዎች ይህንን የመጨረሻውን «የፈረስ ልብስ» ይሉታል። እኔ ኮርቻውን ስለማውቀው የእነሱን ቃል አልወሰድኩም። በሰው ቃል የጻፍኩትን ማስታወሻ ሳምንት ቆይቼ ሳነበው የማንን ቢራ እንደቀመስኩ አላውቅም ነበር።

ስህተቶቼ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ እንደወረደ እጠጣው ነበር፤ ሲቀዘቅዝ ሽታው ይደበቅና ኮምጣጣነቱ ብቻውን ይቀራል። አሁን እስከ 12 ዲግሪ አካባቢ እንዲለቅ እተወዋለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ጠርሙሱን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ በብስክሌት ጓደኛዬ ቤት ወሰድኩና እንደደረስኩ ከፈትኩት። ግማሹ የገና ጠረጴዛ ልብስ ላይ ነው የፈሰሰው፣ የጓደኛዬ ሚስት እስካሁን ታነሳብኛለች። ጌዝ ከመከፈቱ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ቆሞ ማደር፣ መንገድ የመታው ደግሞ ከዚያም በላይ ማረፍ አለበት። በዚያው ቀን ከተረፈችው ግማሽ ጠርሙስ ጋር በርበሬ የበዛበት ቀይ ወጥ በላን፤ አንዱ ሌላውን አባባሰው፣ አፋችን ነደደ። የብራሰልስ ሰዎች ጌዝን ለስላሳ አይብ በተቀባ ዳቦና በራዲሽ ነው የሚጠጡት። እኔ በኛ አይብና ጎመን ሞክሬው ከእነሱ ዳቦ አስበልጬዋለሁ፤ ዘመዴን አዳልቼ እንደሆነ አላውቅም።

ገንዘብም አባክኛለሁ። ቼሪ የተሳለበትን ጠርሙስ ሁሉ ክሪክ፣ ማለትም ቼሪ የገባበት ላምቢክ፣ ነው ብዬ ስገዛ፣ ብዙዎቹ ስኳር የበዛባቸው የለስላሳ ታናሽ ወንድሞች ሆነው ተገኙ። «ኦውደ» የሚለው የፍላማንዶች ቃል፣ አሮጌ ማለት ነው፣ ያለ ትርጉም እንዳልተጻፈ የገባኝ ቆይቶ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ኦውደ ጌዝ ለመባል በራሱ የፈላ ላምቢክ መሆን አለበት፤ ከተቀላቀሉት ውስጥም ትልቁ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሞላው ይሆናል። ቃሉን የማይጽፉ ጥሩ ቤቶችም አሉ፣ ለጀማሪ ግን ኪስ ይጠብቃል።

ባለፈው ዓመት አክስቴ ለልጃቸው ሠርግ ብራሰልስ መጡ። ሠርጉ አልፎ ቤት ስንቀመጥ አንድ ጠርሙስ ከፈትኩ።

«እትዬ፣ እስቲ ይህንን ይቅመሱልኝ።»

ብርጭቆውን አልጠጡትም፤ አስቀድመው አሸተቱት። እኔ ሦስት ዓመት የተማርኩትን ማንም ሳይነግራቸው አደረጉት። ከዚያ ጥቂት አፋቸው ውስጥ ያዙና ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«ጋኑን አላጠኑትም» አሉ።

«አያጥኑም፣ እትዬ። እንጨት ነው።»

«ስንት ጊዜ ቆየ?»

«የትልቁ ዕድሜ ሦስት ዓመት ነው።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠጣውም?» እንደገና ፉት አሉ። «የጓያ ጭድ ይሸታል» ብለው ጨመሩ። ደብተሬን አምጥቼ ጻፍኩት፤ ጭድ እንጂ የማን ጭድ እንደሆነ እኔ ብዬ አላውቅም ነበር።

ሲጨርሱ ጠርሙሱን አንስተው ወደ መብራት አዞሩት። ከታች የተኛችውን ስስ ዝቃጭ እያዩ «አተላው ይሄው ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ይሄው ነው።»

«ይህችማ ለበግም አትበቃ» አሉና ጠርሙሱን መለሱልኝ።