የትርጉም ካሴት ድምፅን ከብሉሬይ ምስል ጋር ያጋባሁበት መንገድ

ጎንደር ላይ የድሮ ካራቴና ካውቦይ ፊልም የሚሰበስብ ሰው እጁ የሚገባው ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከቪዲዮ ቤትና ከካሴት ማከራያ የተረፈው ካሴትና ቪሲዲ ነው፤ ምስሉ ደብዝዟል፣ ግን በአማርኛ ተተርጉሟል። ሌላው ዘመድ ከውጭ የሚያመጣው የሰብሳቢዎች ብሉሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዝ ዲስክ) ነው፤ ከዋናው ነጋቲቭ እንደ አዲስ ስለተነሳ ጥርት ብሏል፣ አማርኛ ግን የለበትም። ምስሉ በገንዘብ ይገኛል፣ ተርጓሚው አይገኝም። ያ ድምፅ እዚያ ካሴት ላይ ካልተረፈ በቃ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራዬን ሁሉ የጀመርኩት ከድምፁ ነው።

«ፊልም በኦሪጅናል ድምፁ ነው የሚታየው» የሚሉ ሰብሳቢዎች አሉ። እነሱ የሚወዷቸው የጣሊያን ካውቦይ ፊልሞችና የሾው ብራዘርስ (የሆንግ ኮንግ ፊልም ኩባንያ) ካራቴዎች ግን በ1960ዎቹና 70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲቀረጹ ንግግራቸው በአብዛኛው ቦታው ላይ አልተቀዳም፤ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ የተለጠፈ ነው። አክተሩ ራሱ በሌላ ሰው ድምፅ የሚናገርበት ፊልም ላይ አማርኛ ትርጉም ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ካሴቱን ዴክ ውስጥ ከመክተቴ በፊት በመስኮቱ በኩል የጥቅሉን ጠርዝ በባትሪ አየዋለሁ። ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደህና ነው። ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ ሻጋታ ነው። የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ለሻጋታ ይመቸዋል፤ በተለይ ካሴቱ አልጋ ሥር ወይም ግድግዳ ተጠግቶ ከከረመ። የሻገተ ካሴት አንዴ ከተጫወተ ብናኙ ዴኩ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባውን ጤነኛ ካሴት ሁሉ ይበክላል። እንዲህ ያለውን ካሴት ውጭ አውጥቼ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ነው የምከፍተው። ከሥሩ ያሉትን አምስት ብሎኖች ከፈታሁ በኋላ ቀፎውን ጨብጬ እገለብጥና የላይኛውን ክዳን አነሳለሁ፤ ብሎኑ ወደ ላይ እንዳለ ከከፈታችሁት ጥቅሎቹና ጥቃቅን ስፕሪንጎቹ ይበተናሉ። የጥቅሉን ጠርዝ በአልኮል በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጠርጌ፣ አድርቄ፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ በመደብኩት አሮጌ ዴክ ወዲያና ወዲህ አጠነጥነዋለሁ። ጥሩው ዴክ የሚያገኘው የጸዳውን ብቻ ነው።

ዴኩን ማጽዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሚሽከረከረው ከበሮ ላይ ያሉት ሄዶች (ቴፑን የሚያነቡት ክፍሎች) በጣም ጥቃቅንና በቀላሉ የሚሰበሩ ናቸው፤ ጥጥ ካስጠጋችሁ ክሩ ይያዝባቸዋል። እኔ ክር የማይለቅ ጨርቅ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥቤ ከበሮውን ሳልጫን አስጠጋለሁ፤ ጨርቁን ሳላንቀሳቅስ ከበሮውን በሌላው እጄ ቀስ ብዬ አዞራለሁ። ጨርቁ ወደ ላይና ወደ ታች ከሄደ ሄዱ ይነቀላል። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው ውሃ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አልወደውም።

ለትርጉም ካሴት ግን ከከበሮው ይልቅ የሚያስጨንቀው ቴፑ ከከበሮው አልፎ የሚነካው ቋሚ የድምፅ ሄድ ነው። ተራ ዴክ ድምፅ የሚያነበው በእሱ ነው፤ እዚህ ላይ የጆሮ ጥጥም ያገለግላል። ሄዱ አጠገብ አንግሉን የምታስተካክል ትንሽ ብሎን አለች። ካሴቱ የተቀዳበት ዴክና የእናንተ ዴክ አንግላቸው ከተለያየ ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ይመስላል። ብሎኗ የነበረችበትን ቦታ በእስክርቢቶ ምልክት አድርጌ፣ ካሴቱ እየተጫወተ፣ በጣም በትንሽ በትንሹ አዞራታለሁ። የምሰማው ሙዚቃውን አይደለም፤ ተርጓሚው «ሰ» እና «ሸ» ሲል ነው የማዳምጠው። ሁለቱ ጥርት ብለው ሲለዩ እዚያው ላይ አቆማለሁ። ለአንዱ ካሴት የተስማማው አንግል ለሌላው ላይሆን ስለሚችል ስጨርስ ብሎኗን ወደ ምልክቷ እመልሳለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ይኼ ነው። ሃይፋይ በሆነ ዴክ የተቀዳ ካሴት ላይ ድምፅ ሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱ ከምስሉ ጋር በሚሽከረከሩት ሄዶች፣ ሌላው በቴፑ ጠርዝ ላይ ባለው ቀጥ ያለ ትራክ። ትርጉሙ በኦዲዮ ደብ (ምስሉን ሳይነኩ ድምፅ ብቻ ደርቦ በመቅዳት) የተጨመረ ከሆነ የሚቀየረው የጠርዙ ትራክ ብቻ ነው፤ የሃይፋዩን ለመቀየር ምስሉንም አብሮ መቅዳት ያስፈልጋል። ሃይፋይ ዴክ ደግሞ ካልነገሩት በቀር ሃይፋዩን ያስቀድማል። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ «ትርጉም» የተባለ ካሴት እንግሊዝኛ ብቻ ከተናገረ ወዲያው አትጣሉት፤ በሪሞቱ የድምፅ ምርጫውን ወደ «ኖርማል» ቀይሩና ስሙ። አንዳንዴም ዕድል ከቀና ከአንድ ካሴት ሁለቱንም ድምፅ ለየብቻ ማውጣት ይቻላል።

ወደ ኮምፒውተር የማስገባው በቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጃክ በኩል በዩኤስቢ መቅጃ ነው፤ ድምፁ 48,000 ኸርዝ፣ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች ቢያንስ 6 ዴሲቤል። ምስሉንና ድምፁን በአንድ መቅጃ አንድ ላይ ማስገባት የግድ ነው፤ በኋላ ማገጣጠሚያ የሚሆነን ያ ደብዛዛ ምስል ነው። ፊልሙ ብሉሬይ ካለው ምስሉን ጨምቄ ብቀዳውም ግድ የለኝም። ብሉሬይ ከሌለው ግን በሎስሌስ (ጥራት ሳይቀነስ)፣ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው የምይዘው፤ በሰዓት 30 ጊጋ ገደማ ይወስዳል። ዴኩም ኮምፒውተሩም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ላይ መሆን አለባቸው። ካሴት እየተጫወተ መብራት ከሄደ ቴፑ ከበሮው ላይ እንደተጠመጠመ ይቀራል፤ ካሴት የሚበላው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ቪሲዲ ሌላ ባሕርይ አለው። ከኤምፔጋቭ ፎልደር ውስጥ ያለውን የዳት ፋይል ጎትቶ መገልበጥ ጤነኛ ዲስክ ላይ ይሠራል፤ የተጫረ ከሆነ ዊንዶውስ መሐል ላይ ይቆማል። ምክንያቱ ቪሲዲ ፊልሙን የሚይዝበት ሴክተር ብዙ ፊልም እንዲያስገባ ሲባል የስህተት ማረሚያው ክፍል ተቀንሶለታል። እንደ አይሶበስተር ያለ ሴክተሩን በጥሬው የሚያነብ ፕሮግራም የተበላሸችውን ቦታ አልፎ ይቀጥላል፤ ግማሽ ሰከንድ የምስል መቆራረጥ ይመጣል፣ ድምፁ ግን ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ጭረት ሲኖር የትኛው ፊት ላይ እንደሆነ እዩ። የታችኛው ፊት 1.2 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ነው፤ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ በሚሄድ ፍትጊያ ሊለሰልስ ይችላል። ጽሑፍ ያለበት ፊት ግን መረጃው ከቀለሙ ሥር ስስ ሽፋን ብቻ ነው ያለው፤ እዚያ በእስክርቢቶ የተጻፈ ስም ፊልም ይገድላል። ድምፁን ስትሰሙ ደግሞ የግራና የቀኙን ቻናል ለየብቻ ሞክሩ፤ ከሆንግ ኮንግ የመጡ ብዙ ቪሲዲዎች በግራ አንድ ቋንቋ፣ በቀኝ ሌላ ቋንቋ አላቸው፤ ትርጉምም በአንዱ ወገን ብቻ ሊገኝ ይችላል። የቪሲዲ ድምፅ 44,100 ኸርዝ ስለሆነ ወደ 48,000 መለወጥ አለበት።

ብሉሬዩን በተመለከተ፣ ዲስክና ማጫወቻ ዓለምን በክልል በሚከፋፍል ቁልፍ ይቆለፋሉ፤ የአንዱ ክልል ዲስክ በሌላው ማጫወቻ ላይሠራ ይችላል። ኢትዮጵያ በብሉሬይ ክልል «ቢ» ውስጥ፣ በዲቪዲ ክልል 5 ውስጥ ናት። አብዛኛው ዘመድ ያለው አሜሪካ ነው፤ አሜሪካ ክልል «ኤ» ናት። እንግሊዝ ወይም ጀርመን ያለ ዘመድ ከተገኘ ይሻላል፤ የእንግሊዝ ብሉሬይ ከእኛ ማጫወቻ ጋር ይስማማል። ለምሳሌ የእንግሊዙ አሳታሚ አሮው ቪዲዮ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የመጀመሪያው የሾው ብራዘርስ ሣጥን 12 ፊልም ይዟል። አሜሪካ ብቻ ካለ ደግሞ ከሽፋኑ ጀርባ ያለውን የክልሉን ፊደል የያዘ ባለ ስድስት ጎን ምልክት ፎቶ አንስቶ እንዲልክ አድርጉ፤ ወይም 4ኬ ዲስክ ይግዛ፤ 4ኬ የክልል ቁልፍ የለውም፣ ምንም እንኳ አብሮት የሚመጣው ብሉሬይ ሊቆለፍ ቢችልም። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ብዙም አያሳስብም፤ የብሉሬይ ክልልን የሚፈትሸው ድራይቩ ሳይሆን ማጫወቻ ፕሮግራሙ ነው። የዲቪዲ ድራይቭ ግን ክልሉ የሚቀየረው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይቆለፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የካሴቱን ድምፅ ብሉሬዩ ላይ እንዲሁ ብታስቀምጡት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ሳይሆን ከመተኮሱ በፊት ይሰማል። ምክንያቱ ፓል የሚባለው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) የሚያሳየው የቪዲዮ ሥርዓት ነው። ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ ወደ ፓል ካሴት ሲገለበጥ በ25 ይሮጣል፤ የ100 ደቂቃ ፊልም 96 ደቂቃ ይሆናል። ብሉሬዩ በ23.976 ነው። መጀመሪያ ግን ይህ መሆኑን አረጋግጣለሁ፦ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ተኩስ ወይም የበር ድምፅ፣ መጨረሻ አካባቢ ሌላ እመርጣለሁ፤ በመካከላቸው ያለውን ሰከንድ በሁለቱም ላይ ለካሁ እንበል። ካሴቱ ላይ 5,280፣ ብሉሬዩ ላይ 5,505 ከሆነ፣ ሲካፈል 1.0426 ይመጣል፤ ፓል ነው። ወደ 1.00 ከተጠጋ ምንጩ ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው የቪዲዮ ሥርዓት) ነው፣ ፍጥነቱን አትንኩት። ከሁለቱም የራቀ ሌላ ቁጥር፣ ለምሳሌ 1.06፣ ከመጣ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ካሴቱ ላይ የተቆረጠ ትዕይንት አለ።

ፓል ከሆነ ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ምርጫ አለ። «ስፒድ» ድምፁን ሲያዘገይ ቃናውንም ያወርዳል፤ «ቴምፖ» ቃናውን ሳይነካ ያዘገያል። መማሪያዎቹ ሁሉ ስፒድን ይመክራሉ፤ ሲሮጥ የቀጠነው የፊልሙ ድምፅ ወደ ቦታው ስለሚመለስ ለተራ ፊልም ልክ ናቸው። የትርጉም ካሴት ላይ ግን ተርጓሚው የተናገረው ፊልሙ ከሮጠ በኋላ፣ በራሱ ተፈጥሯዊ ድምፅ ነው። በስፒድ ካዘገያችሁት ከግማሽ ቶን በትንሹ ባነሰ መጠን ይወፍርና ሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ቴምፖ፣ −4.096 በመቶ። ከጀርባው ያለው ሙዚቃ ትንሽ ቀጥኖ ይቀራል፤ እሱን ማንም አያስተውለውም።

ከዚህ በኋላም ቢሆን ካሴት ስለሆነ ትንሽ ትንሽ መንሸራተቱ አይቀርም። በየአሥር ደቂቃው አንድ ምልክት አስቀምጣለሁ፤ ተርጓሚው ዝም ያለበትን ቦታ ፈልጌ እዚያ ላይ ጥቂት አሳጥራለሁ ወይም አስረዝማለሁ፤ መገጣጠሚያውን ከ20 እስከ 50 ሚሊ ሰከንድ አደበዝዘዋለሁ። ንግግር መሐል ፈጽሞ አልቆርጥም። ድምፅ የሚለያዩ አዳዲስ ፕሮግራሞች እዚህ ብዙም አይረዱም፤ ሙዚቃን ከሰው ድምፅ ይለያሉ እንጂ ተርጓሚውን ከተዋናዩ በቀላሉ አይለዩም። የሚያጉረመርመውን የ50 ኸርዝ ድምፅና ተከታዮቹን 100 እና 150 በጠባብ ፊልተር አወጣለሁ፤ የቴፑን «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከ6 እስከ 9 ዴሲቤል ብቻ እቀንሳለሁ። ከዚያ ካለፈ ተርጓሚው ከቆርቆሮ በርሜል ውስጥ የሚናገር ይሆናል።

ብሉሬዩ ላይ ኖሮ ካሴቱ ላይ የሌለ ትዕይንት ሲመጣ፣ ያንን ክፍል በኦሪጅናል ድምፁ ትቼ የአማርኛ ጽሑፍ እጨምርበታለሁ። የጽሑፍ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ ካልተቀመጠ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ዩቲኤፍ-8 ሆኖም ማጫወቻው የግዕዝ ፎንት ከሌለው ባዶ ሣጥን ያሳያል። መፍትሔው የጽሑፍ ፋይሉን ኤኤስኤስ በተባለው የጽሑፍ ፋይል ዓይነት አዘጋጅቶ፣ እንደ አቢሲኒካ ያለ ፎንት ኤምኬቪ ቱልኒክስ በተባለው ፕሮግራም ፊልሙ ፋይል ውስጥ አብሮ መክተት ነው። እዚያው የአማርኛውን ድምፅ ሁለተኛ ትራክ አድርጌ የቋንቋ ኮዱን አማርኛ እላለሁ፤ ኦሪጅናሉ እንዳለ ይቀመጣል። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ለግል መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ይፈቅዳል፤ መሸጥና ማከራየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ያልተነካውን ጥሬ ድምፅ በፍላክ (ጥራት በማይቀንስ የድምፅ ፋይል)፣ በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት ቤት አስቀምጣለሁ። የተጠናቀቀውን ፊልም ቴሌቪዥን ላይ በፍላሽ ለማየት የሚፈልግ ሰው ፍላሹ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ፋይል አይቀበልም፤ ቴሌቪዥኑ የሚያነብ ከሆነ ወደ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ይቀይረው። የድሮውን ሽፋን በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጌ አትማለሁ፤ የዲቪዲ ሣጥን ሽፋን 273 በ183 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ኤ4 ላይ በቀላሉ ይገባል፤ ሲታተም «ወደ ገጹ አስማማ» የሚለው ምርጫ መጥፋት አለበት፣ አለዚያ ጀርባው ላይ ያለው ስም ከሣጥኑ ወገብ ላይ ይንሸራተታል።